ከጀልባው ፊት የሚቀመጥ ሰው

ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ወደ ነገሬ ልግባ። ጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ ስጥልና ስስብ የጎለመስኩ፣ ወገቤ አልታዘዝ ያለኝ፣ ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ነኝ። አምና ግን ያደከመኝ መረቡም ወገቤም አልነበረም። ያደከመኝ መጮህ ነው። እቤት እጮሃለሁ፣ ጀልባ ላይ እጮሃለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ እጮሃለሁ። ጎረቤታችን አንድ ቀን በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «እናንተ ቤት ምን ሆናችሁ?» አለችኝ። ምን እንሆናለን? «የሽፈራው ቅጠሉ ወጥ ቀዝቅዟል፣ ይሙቅልህ ወይ?» ነበር ያልኩት።

የምጮህበት ሰው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን በሌላ ስም ጠርቼው አላውቅም። ባለቤቱ ካረፈች ወዲህ ከእኔና ከሚስቴ ጋር ነው የሚኖረው። ጀልባዋም የጋራችን ናት። እኔ ከኋላ ሞተሩን እይዛለሁ፣ እሱ ከፊት ይቀመጣል፣ መረቡን አብረን እንስባለን። ጆሮው ከደከመ ቆይቷል። መቼ እንደጀመረው አላውቅም፤ እሱን ብትጠይቁት ደግሞ ገና አልጀመረውም። በእሱ ቤት የደከመው ሌላው ሰው ነው። ፓስተራችን ድሮ ድምፅ ነበረው፣ አሁን ለራሱ ነው የሚሰብከው። ሚስቴ አፏን ሳትከፍት ነው የምታወራው። ስልክ የሚሠሩት ሰዎች ደግሞ ድምፅ መቆጠብ ጀምረዋል። «ዘንድሮ ሰው ሁሉ ምን ነካው? እህል አይቀምስም እንዴ?» ይላል። እኛም እንስቃለን። ሌላ ምን እናድርግ?

ነገሩ እቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረኝም። ሰው አርጅቶ ጆሮው ቢደክም ብርቅ አይደለም። ችግሩ የጋሼ ቦታ ነው።

በእኛ ዘንድ ከጀልባ ፊት የሚቀመጠው ታላቅ ነው። ለክብር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከፊት የሚቀመጠው ለሁላችንም የሚሰማ ሰው ነው። ማታ የጣልነውን መረብ ልናነሳ ንጋት ላይ ስንወጣ፣ ጉማሬዎቹም ሌሊቱን ሳር ሲግጡ አድረው ወደ ውሃ የሚመለሱበት ሰዓት ነው። ሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል ጋ ስንደርስ ጉም አለ፣ ዓይን አይሠራም። ሞተሩን ዝቅ አደርገዋለሁ። ጋሼ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ጉማሬ ብቅ ሲል «ቡፍፍ» ብሎ ይተነፍሳል፤ ያንን የሰማ እጁን ያነሳል። በግራ ከሆነ ግራ እጁን፣ በቀኝ ከሆነ ቀኝ እጁን፣ ስንት እንደሆኑ ደግሞ በጣቱ። እጅ ሲነሳ ሞተር ይጠፋል፣ እስኪያልፉ ድረስ ትንፍሽ የሚል የለም። እዚያ ቦታ አባታችን ነበር የሚቀመጠው። አባታችን ሲያርፍ ጋሼ ተቀመጠ። ወደቡ ላይ ማንም «ማን ይቀመጥ?» ብሎ አልጠየቀም።

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጠዋት ደንገሉን ስናልፍ በግራችን «ቡፍፍ» ሲል ሰማሁ። እኔ! ሞተር ሥር የተቀመጥኩት! ወደ ጋሼ ስመለከት እጁ ጭኑ ላይ ነው። የጨንቻ ቡሉኮውን ተከናንቦ ተራራው ወዳለበት ያያል። ቶሎ ሞተሩን አጠፋሁ። ጉማሬዋ ከጀልባችን አጠገብ፣ መቅዘፊያ ብዘረጋ በምነካት ርቀት፣ ጀርባዋን አሳይታ ሰመጠች። ልጅዋም ተከተላት። ጀልባችን ተወዛወዘች፣ እኔ በልቤ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» እላለሁ። ካለፉ በኋላ ጋሼ ዞር ብሎ «አየሃት? ድምፅ ሳታሰማ መጣች እኮ! ተንኮለኛ ናት» አለኝ።

ድምፅ ሳታሰማ! ወይ ጉድ!

እቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። ሚስቴ ነገር አታስረዝምም። «ወይ ንገረው፣ ወይ ከጀልባው ውረድ» አለችኝ።

«ምን ብዬ ልንገረው?»

«ጋሼ፣ አትሰማም በለው።»

እሷ ስትለው ቀላል ነው። እኔ ግን ያንን ሰው ከዚያ ቦታ ላይ ተነስ ብለው ምን ሊቀረው ነው? ሚስቱ የለችም፣ ልጆቹ ሩቅ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቀድሞኝ የሚነሳው፣ ፀጉሩን ውሃ ቀብቶ የሚያበጥረው ለዚያች የፊት መቀመጫ ጣውላ ነው። ወደቡ ላይ ወጣቶቹ ሳይቀሩ «ጉማሬዎቹ ዛሬ በየት በኩል ናቸው?» ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ሆዴ ውስጥ ዱቄት ሆኗል። አፌን ከፍቼ «ጋሼ» እልና፣ «ምንድነው?» ሲለኝ «መረቡ ተቀዷል» እላለሁ።

እንዲህ እያልኩ ሳለሁ ነው ማሽኑ የመጣው። ወደቡ ላይ አንድ ጀልባ ከአዲስ አበባ የመጣ ዓሣ መፈለጊያ ገጠመ። ሰው ሁሉ «ቴሌቪዥኑ» ይለዋል። ከጀልባው ሥር በገመድ የሚወርድ ነገር አለው፣ ከላይ ደግሞ የውሃውን ጥልቀትና ከሥር የሚያልፈውን የሚያሳይ መስኮት። ባለቤቱን ስጠይቀው፣ የውሃው ጥልቀት በድንገት ካነሰ ወይም ከጀልባው ሥር ትልቅ ነገር ከገባ ይጮሃል አለኝ። ይጮሃል! ልቤ ዘለለ። የሚጮህልኝ ሌላ ነገር ተገኘ ማለት ነው። ማሽኑ ጮሆ ጋሼ ያንን ሰምቶ እጁን ካነሳ፣ እሱም ከቦታው አይነሳ፣ እኔም አፌን አልከፍት። ደክሞኝ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ከፊት ለሚመጣ ጉማሬ ከሥር የሚያይ ማሽን ምን ይረባል ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ለጋሼ የነገርኩት ሌላ ነው። «ዓሣው እየራቀ ነው፣ ማሽን እንግዛ» አልኩት። እሱማ ደስ አለው!

ቅዳሜ ወደ ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ፣ ወረድን። ሶላር፣ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ የሞተር ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ አለች፤ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ፣ ግን ሰው የማታታልል ሴት ናት። ከተማው ገበያ ነው፤ ባጃጁ ይጮሃል፣ የሙዝ ጭነቱ ይጮሃል፣ አንዱ ሱቅ መዝሙር፣ አንዱ ሱቅ ዘፈን ከፍቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ማን እንደሚሰማ ማን እንደማይሰማ አይለይም፤ ሁሉም ይጮሃል።

ሁለት ማሽን አወጣችልን። አንዱ ሰፊ፣ በቀለም የሚያሳይ። ዓሣው ቢጫ፣ ሥሩ ቀይ፣ ውሃው ሰማያዊ። ሌላው ትንሽ፣ ግራጫ፣ የድሮ ካልኩሌተር የመሰለ። ጋሼ ቀለሙን ሲያይ አበቃለት።

«ይሄ ነው! አየህ ዓሣውን? ዓይኑ ሳይቀር ይታያል!»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማሳያ ነው። ከፋብሪካው የተሠራ ሥዕል ነው።»

«ምን አልክ?»

«ሥዕል ነው!»

«ሥዕል ቢሆንስ? ያምራል።»

ባለሱቋን «ፀሐይ ላይ እንዴት ነው?» አልኳት። እውነቱን ነገረችኝ፤ ባለቀለሙን ፀሐይ ላይ ካወጡት መስታወት ነው የሚሆነው፣ የራስን ፊት ነው የሚያዩበት፤ ባትሪም ይጠጣል። ግራጫው በትንሽ የሞተር ሳይክል ባትሪ ቀኑን ይውላል፣ ፀሐይ በበረታ ቁጥርም ይበልጥ ይነበባል። «ድምፁስ?» አልኳት፤ እኔ የመጣሁት ለድምፁ ነው። አስጮኸችልኝ። ባለቀለሙ እንደ ጫጩት «ጭው» ይላል። ግራጫው ቀጭን ድምፅ ነው፣ ግን ስለት አለው፤ «ቲት ቲት ቲት» ሲል ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ጋሼ በሩ ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት እየለካ ነበር። ብርቱካናማው ሆዱ ላይ አልዘጋ ብሎት ይታገላል።

«ግራጫውን ነው የምንወስደው» አልኩ።

«በሬ ሆይ! ሳሩን አየህና!» አለኝ ጋሼ ተቆጥቶ፤ ተረቱ ለማን እንደሚገባ ግን እኔ አውቃለሁ። ተጨቃጨቅን። እሱ ለቀለሙ፣ እኔ ለድምፁ፤ እኔ ደግሞ ለድምፁ መሆኑን መናገር አልችልም። ስለ ባትሪው፣ ስለ ፀሐዩ እያወራሁ ለፈለፍኩ። በመጨረሻ ባለሱቋ «ጋሼ፣ ለዓሣ ነው ወይስ ለሠርግ የሚገዙት?» ስትለው ሳቀና ተሸነፈ። ስትናገር ፊቷን ነበር የሚያየው፤ ሰው ሲያወራ ከንፈር እንደሚያይ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። ግራጫውን፣ ባትሪውን፣ ሁለት ጃኬት፣ ውሃ የማያስገባ የስልክ ከረጢትና አንድ የግንባር መብራት ይዘን ወጣን። ጃኬቱን የመረጥኩት በውስጡ ያለውን ስፖንጅ ጨምቄ ነው፤ ቶሎ የሚመለሰው ጥሩ ነው፣ ተጨምቆ የሚቀረው ውሃ ይጠጣል። ይሄን እንኳ በሰላም ተስማማን።

እሑድ ከቸርች መልስ ገጠምነው። ባትሪውን ከላይ በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ውሃ እንዳይነካው። ማሽኑን ከፊት፣ ከጋሼ ጉልበት አጠገብ አሰርኩት። እሱ ነው የሚያየው፣ እሱ ነው የሚሰማው። እንደ ልጅ ደስ ብሎት እያበራ እያጠፋ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት ወጣን። ከወደቡ ትንሽ እንደራቅን የውሃው ጥልቀት የሚያንስበት አሸዋማ ቦታ አለ። ማሽኑ ጮኸ። «ቲት ቲት ቲት!» እኔ ከኋላ፣ ሞተር ሥር፣ በደንብ ሰማሁት። ጋሼ ቡሉኮውን ሰብሰብ አድርጎ ተራራውን ያያል። እንደገና ጮኸ። ጋሼ አፍንጫውን አከከ። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ምነው አጠፋህ?»

«ጮኸ እኮ!»

«ምኑ?»

«ማሽኑ!»

ጎንበስ ብሎ አየው። መስኮቱ ላይ ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ይላል። ቀጭኑ «ቲት ቲት» አየሩን ይበሳዋል። ጋሼ ጆሮውን ወደ ማሽኑ አስጠግቶ ቆየ። ከዚያ ቀና አለ፤ ፊቱ በንዴት ቀልቷል።

«ሸወደችን! ድምፅ የለውም! የተበላሸ ነው የሸጠችልን!»

ምን ልበል? በሉ እስኪ እናንተ ንገሩኝ። ማሽኑ በመካከላችን እየጮኸ፣ እሱ ድምፅ የለውም እያለ እያየኝ ነው። አሁን ተናገር፣ አሁን ተናገር አልኩ ለራሴ። «እንመልሰዋለን» ነው ያልኩት። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ አፌ እምቢ አለኝ። መረቡን ዝም ብለን አንስተን፣ ዓሣውን አራግፈን፣ ማሽኑን ፈትተን፣ ጀሪካኑን ታቅፌ ባጃጅ ይዘን ሲቀላ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ጋሼ ስለ ነጋዴ ተንኮል ለባጃጅ ሹፌሩ ሲያስተምር ነበር።

ሰኞ ስለሆነ ሱቁ ጸጥ ብሏል። መዝሙሩም ዘፈኑም የለም። አንዲት ሴት የስልክ ሽፋን ትመርጣለች፣ ሹፌራችን ሒሳቡን እየጠበቀ በር ላይ ቆሟል። ጋሼ ጀሪካኑን ከእኔ ተቀብሎ ከማሽኑ ጋር ባንኮኒ ላይ አስቀመጠና «ልጄ፣ ድምፁ አይሠራም። አምነንሽ ነው የወሰድነው» አላት። በወጉ፣ ሳይሳደብ። እሷም ደንግጣ አበራችው፣ አንድ ቁልፍ ነካች።

«ቲት ቲት ቲት ቲት።»

የስልክ ሽፋን የምትመርጠው ሴት ዞር አለች። ሹፌሩ «ስልኬ ነው?» ብሎ ኪሱን ዳበሰ።

ጋሼ ይጠብቃል። «ተጫኚው እንጂ» አለ።

«ተጭኜዋለሁ፣ ጋሼ።»

«እኮ ተጫኚው።»

እንደገና ተጫነችው። ሱቁ በሙሉ በዚያ በቀጭኑ ድምፅ ተሞላ። ጋሼ መጀመሪያ ባለሱቋን አየ፣ ከዚያ ሴትየዋን፣ ከዚያ ሹፌሩን። በመጨረሻ እኔን አየኝ። ዓይኔን ብሰብር ይሻል ነበር፣ አልቻልኩም። ከሦስቱ ፊት ያነበበውን ከእኔ ፊት ላይ ጨረሰው። እጁን ዘርግቶ መዳፉን ማሽኑ ላይ አኖረ፤ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሊያውቅ ነው። አንጀቴን በላው። ወንድሜ ነው፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞኝ ወንዝ ያሻገረኝ ሰው ነው፣ እዚያ ሰው ፊት እንዲያ ቆሞ ማየት አልነበረብኝም።

ባለሱቋ ጌታ ይባርካትና «እውነትዎን ነው፣ ጋሼ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ልቀይርልዎ» አለች። እየዋሸች መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሼ ከንፈሯን አይቶ ገባው። «አይ፣ ልጄ» አለ። «አትቀይሪው። ደህና ነው፣ ይሠራል። አስቸገርንሽ።»

በመመለሻው ባጃጅ ውስጥ ጀሪካኑን እሱ ታቀፈ። ሚስቴ ምሳ ስታቀርብ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ገባት። ከሰዓት በኋላ ቀና ብሎ «ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ካወቅህ።»

«ቆየሁ» አልኩት። ይህን ስል አልጮህኩም፤ ግን ከንፈሬን አየ።

«እኔ ደግሞ እሰማለሁ ብዬ ከፊት ተቀምጬ!» አለና ራሱን ነቀነቀ። ሚስቴ ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ለጆሮ የሚሆን መሣሪያ አለ አለችው፣ እጇን ጆሮዋ ላይ እያሳየች። «ቀስ በይ፣ እታለም፤ አንድ ማሽን ገዝተን ገና አላረፍንም» አላት። ትንሽ ሳቅን። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም፣ ተነስቶ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። እኔ ነገ አይመጣም ብዬ አስቤ ነበር። ያለ እሱ መረብ ስስብ ራሴን አየሁት፣ አልወደድኩትም።

ጠዋት ስነሳ ግን ቀድሞኛል። ፀጉሩ ተበጥሯል። ወደብ ስንደርስ እንደ ወትሮው ጀልባዎቹ ሊወጡ ይሰናዳሉ፣ ሰው ሁሉ አለ። ሁልጊዜ ቀድሞ ገብቶ ከፊት የሚቀመጠው እሱ ነው፣ ጀልባዋን ገፍቼ የምከተለው እኔ። ያን ቀን ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆመና ጀልባዋን ያዘልኝ።

«ግባ።»

ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ ልሄድ ስል ክንዴን ያዘ።

«ከፊት» አለኝ።

«ጋሼ፣ ተው...»

«ግባ እኮ አልኩህ።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነው የሚሰማልኝ!» አለ። ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎታል። ወደቡ በሙሉ ሰማው፤ ወዲያ ማዶ መረብ የሚያጥፉት ሳይቀሩ ቀና አሉ። አንድም ሰው አልሳቀም። አንዱ ሽማግሌ ብቻ «ጌታ ይርዳችሁ» አለ፤ ጋሼ እሱንም አልሰማውም።

ከፊት ተቀመጥኩ። ጣውላው በእሱ ልክ ጎድጉዷል፣ አልተመቸኝም። ደንገሉ ጋ ስንደርስ ሞተሩ ሳልነግረው ዝቅ አለ። ጉሙ ወፍራም ነው። አንገቴን ዘንበል አድርጌ፣ እሱ እንደሚያደርገው፣ አዳመጥኩ። መጀመሪያ የምሰማው ልቤን ብቻ ነበር። ከዚያ በቀኝ፣ «ቡፍፍ»። ወዲያው ሌላ፣ አነስ ያለ። ቀኝ እጄን ማንሳት ጀመርኩ፤ ገና ትከሻዬ ጋ ሳይደርስ ሞተሩ ጠፋ። ሁለት ጣቴን ዘረጋሁ። ጀልባዋ ቀጥ አለች። ጉማሬዎቹ በጉሙ ውስጥ ውሃውን እየከፈሉ፣ ሳናያቸው፣ አለፉ። ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ተመለከትኩ። ጋሼ ሁለት እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ እጄን ያያል። ያን ያህል ዓመት እኔ የእሱን እጅ እንዲያ አይቼው አላውቅም።

ወደ ሰፊው ውሃ ከወጣን በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ መረቡን ከመያዛችን በፊት ጠየቀኝ።

«ጉማሬዋ እንዲሁ ነበር የተነፈሰችው ወይስ ተቆጥታ?»

«አልለየሁትም!»

«ነገ ትለያለህ። የተቆጣች እንደሆነ ትንፋሿ አጭር ነው።» ከንፈሬን ለማየት ጠጋ አለ። «ሌላስ ምን ይሰማሃል?»

«አሁን?»

«አሁን።»

ደክሞኝ ነበር። ግን አዳመጥኩለት። «ወፍ አለ፣ ያች ራሷ ነጭ የሆነችው! ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ይስላል! ከከተማው መኪና ይሰማል፣ ሩቅ ነው!» እየጮህኩ አንድ በአንድ ነገርኩት። በእያንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል።

«ውሃውስ? ከጣውላው ሥር ያ የሚያወራ የሚመስለው ድምፅ፣ አለ?»

«አለ!»

«እሱን ከሰማሁ ቆየሁ» አለኝ ጋሼ፣ መረቡን ለመያዝ ጎንበስ እያለ።

«አለ፣ ጋሼ!» አልኩት። ጎንብሶ ስለነበር ከንፈሬን አላየም፤ ደግሜ ጮህኩለት።